ያልረጠበ እጅጌ

ዓሣ የምትፈራ የዓሣ ባለሙያ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ተዋወቁኝ፤ ሕይወት እባላለሁ። ዛሬ እንዲህ እያሾፍኩ አወራዋለሁ እንጂ ያኔ ከእናቴም ደብቄው ነበር። ፍርሃቴ እኔው ዘንድ ቢቀር ኖሮ ማንንም አይጎዳም ነበር። እኔ ግን ፍርሃቴን ለመሸፈን አንዲት አጭር ውሸት ዋሸሁ፤ የዚያችን ውሸት ዕዳ የተሸከሙልኝ ደግሞ የስድሳ ስምንት ዓመት አዛውንት ናቸው።

እውነቱን ለመናገር ሁሉንም ዓሣ አልፈራም። ዩኒቨርሲቲ የዓሣ ሀብት ተምሬ እንደጨረስኩ ሰበታ አካባቢ አንድ የግል ዓሣ ማራቢያ ኩሬ ላይ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ቆሮሶ በእጄ ለቅሜ አውቃለሁ፤ እየተንሸራተተ የሚያስቸግረውን አምባዛ አንገቱን ይዤ ሚዛን ላይ አስቀምጣለሁ። እኔ የምፈራው እባብ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ቡራዩ ቤታችን ጓሮ ከተከመረ ድንጋይ ሥር የገባችብኝን ኳስ ለማውጣት እጄን ሰደድኩ፤ የጨበጥኩት ነገር ተንቀሳቀሰ። አልነደፈኝም። ቅዝቃዜው ግን መዳፌ ላይ ቀረ፤ ስንት ዓመት ሙሉ እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ አልለቀቀኝም።

በሃያ ስድስት ዓመቴ ሱሉልታ ውስጥ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቀጠረኝ። ባለቤቱ ጋሽ ብርሃኑ በወጣትነቱ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ በኋላ የራሱን መኪኖች ገዛ። (አለቃዬ ሆኖ ሳለ እዚህ “እሱ” የምለው ከዚያ ሳምንት ወዲህ አንቱታው ስለማይመጣልኝ ነው።) ባሕር ሲያይ የኖረ ሰው ስለሆነ ባሕር ናፈቀው። የማረፊያው ሳሎን ውስጥ ከባለ ሁለት ሰው አልጋ የሚበልጥ የመስታወት ገንዳ አሠራ። ጨዉንም፣ አሸዋውንም፣ ዓሦቹንም መኪኖቹ ከጅቡቲ ያመጡለታል። የእኔ ሥራ ያ ባሕር ሱሉልታ ብርድ ውስጥ ሳይሞት እንዲኖር ማድረግ ነበር። ከቡራዩ በሦስት ታክሲ እየተመላለስኩ፣ ነጭ ጋውኔን ለብሼ፣ ለእንግዶች እያብራራሁ እኖር ነበር። ኩራቴ ለጉድ ነው፤ አስተናጋጆቹ ሲያዩኝ መንገድ ይለቁልኝ ነበር።

አንድ ቀን ክዳኑ የተበሳሳ ሰማያዊ በርሜል መጣ። ውስጡ ያለውን ገንዳው ውስጥ ስንገለብጠው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። ከክንድ የሚረዝም፣ ቀጭን፣ ነጭ ገላው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የጣለበት ፍጡር ነው። ኢል ይባላል፤ በሞቃት ባሕር ዳርቻ አሸዋ ውስጥ የሚኖር ዓሣ። ጫፉ እንደ መውጊያ የሾለ ጭራውን አሸዋው ላይ ተክሎ፣ ወደ ኋላው እየተወዛወዘ ሲሰምጥ አየሁት። ደቂቃ ሳይሞላ ከአሸዋው በላይ የቀረው ጭንቅላቱ ብቻ ነበር፤ ሁለት ትናንሽ ዓይኖች ወደ እኔ ያያሉ። መርዝ እንደሌለው፣ በስንጥብ እንደሚተነፍስ፣ ሰው እንደማይተናኮል በደንብ አውቃለሁ። ለእንግዶችም ይህንኑ ነበር የምናገረው፣ አንድ ሜትር ያህል ራቅ ብዬ። ምግቡን፣ ሽሪምፕ የሚሉትን ትንሽ የባሕር ፍጡር፣ የምሰጠው በረጅም መቆንጠጫ ነው። ኢሉ ከገባ በኋላ ያንን አሸዋ አንድም ቀን በእጄ ነክቼው አላውቅም።

ይህን ያስተዋለ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ኦቦ ቶለሳ የግቢው ዘበኛ ናቸው፤ እዚያው ሱሉልታ ተወልደው ያደጉ፣ አራት ዓመት ሙሉ ያንን በር የጠበቁ። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ይቀበሉኛል።

“አካም ቡልቴ፣ ዶክተሬ! እባብሽ ደህና አደረ?”

“እባብ አይደለም ኦቦ ቶለሳ፤ ዓሣ ነው እኮ አልኩዎት።”

“ዓሣ ከሆነ ለምን አትነኪውም?”

ይህን ብለው ይስቃሉ። ከዚያ ዱላቸውን ከፍ አድርገው፣ አስተናጋጆቹ እንዲሰሙ ድምፃቸውን ጨመር ያደርጋሉ፤ “እኔ ግን ከዚያ ሳጥን ወጥቶ ካገኘሁት አልምረውም!” ሁሉም ይስቃል። ከሳቁ በኋላ ሁልጊዜ ስለ እናቴ ይጠይቁኛል። እናቴን የስኳር ሕመም አልጋ ላይ ጥሏት ነበር፤ ከእኔ ሌላ የሚያስታምማትም የላትም። አርብ አርብ ሚስታቸው አዴ ወርቄ የሠሩትን አይብ በኮባ ጠቅልለው “ለእናትሽ” ብለው ያሲዙኛል። እናቴ አንድም ቀን ሳታያቸው በስማቸው ትመርቃቸው ነበር።

ነገሩ የጀመረው እሑድ ነው። እሑድ ዕረፍቴ ስለሆነ ቡራዩ ልብስ እያጠብኩ ነበር። ስድስት ሰዓት ገደማ ኦቦ ቶለሳ ደወሉ።

“ዶክተሬ፣ መብራት ከሄደ ቆየ። ጄኔሬተሩም እምቢ አለ። ውሃሽ ጸጥ ብሏል፤ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ።”

ደነገጥኩ። ፓምፑ ከቆመ ውሃው አየር ያጣል። እዚህ አገር ዓሣ የሚያረባ ሰው ሁሉ የሚያውቃትን ዘዴ ነገርኳቸው፤ “ክዳኑን ከፈት ያድርጉት። በጆግ ከራሱ ከገንዳው እየቀዱ ከፍ አድርገው መልሰው ያፍስሱት። አረፋ እንዲያወጣ።”

“ስንት ጊዜ?”

“መብራት እስኪመጣ፣ ኦቦ ቶለሳ። እንዳያቆሙ።”

“እሺ፣ ኢንተላ ኮ” አሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። መብራት የመጣው ጀምበር ስትጠልቅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስደርስ ቀኝ ትከሻቸውን እያሹ በሩ ላይ ቆመዋል። “አንድም ዓሣ አልሞተብሽም” አሉኝ፤ “ትከሻዬ ግን ሞቷል።” አመሰገንኳቸው፤ እየቸኮልኩ፣ በቅጡ እንኳ ሳልቆም። ሳሎን ስገባ እውነትም ዓሦቹ ሁሉ አሉ። ሽሪምፕ በመቆንጠጫ ይዤ ወደ ኢሉ ጉድጓድ አወረድኩ። ጭንቅላት የለም። ጉድጓዱም የለም፤ አሸዋው ዝርግ ብሏል። ጠበቅኩ። ሁልጊዜ የሽሪምፕ ሽታ ሲደርሰው ብቅ ይላል፤ ያን ቀን አልወጣም። ቀና ስል የመስታወቱ ክዳን አራት ጣት ያህል ክፍት እንደሆነ አየሁ።

እነዚህ ዓሦች በጠባብ ቀዳዳ ሾልከው እንደሚወጡ አንብቤያለሁ። ሶፋ ሥር፣ መጋረጃ ኋላ፣ ምንጣፍ ሥር ፈለግኩ። ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ወለሉ ላይ ደርቆ ይገኝ ነበር፤ ምንም የለም። ስለዚህ ወይ ሰው አንስቶታል፣ ወይ አሸዋው ውስጥ ነው። አሸዋውን በትክክል ለመፈተሽ ክንድን እስከ ትከሻ ከቶ፣ ከዳር እስከ ዳር በጣት ማበጠር ያስፈልጋል። የመጥረጊያ እንጨት አመጣሁና ፊት ለፊት ያለውን አሸዋ ጫር ጫር አደረግኩ። ከዚያ የጋውኔን እጅጌ ቁልፍ ፈታሁ፤ እጄን ውሃው ላይ ዘረጋሁት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ የነካኝ ቅዝቃዜ መዳፌ ላይ መጣ። ቁልፌን መልሼ ቆለፍኩ። በሳሎኑ የመስታወት ግድግዳ ማዶ ኦቦ ቶለሳ አበባ ያጠጣሉ።

ጋሽ ብርሃኑ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ረቡዕ ዕለት ማረፊያውን አብረውት ለማስፋፋት ያሰቡ ሰዎች ይመጣሉ፤ ለሁሉም አስቀድሞ ስለ ኢሉ አውርቶላቸዋል።

“የታለ?” አለኝ ገንዳው ጋ ቆሞ።

“አላየሁትም። ክዳኑ ተከፍቶ ነበር።”

“አሸዋውን ፈትሸሻል?”

“አዎ።”

“በደንብ?”

“በእጄ ነው የፈተሽኩት ጋሽ ብርሃኑ። ከዳር እስከ ዳር።”

ይኸው፤ ይህችው ናት። አፌ ውስጥ ስትዞር እንኳ አልተሰማኝም፤ እንዲያው ወጣች። የዓሣ ባለሙያ ቀጥሮ ዓሣ የምትፈራ ሴት እንዳገኘ እንዲያውቅብኝ አልፈለግኩም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

እሱ ጊዜ አላጠፋም። ሠራተኞቹን በሙሉ ወደ በሩ ጠራ፤ ወጥ ቤቷ፣ ሁለቱ ጽዳቶች፣ አስተናጋጆቹ፣ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ። ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች ነገሩ ገብቷቸው አንገታቸውን አስግገዋል።

“ትናንት ገንዳው ጋ ማን ነበር?”

“እኔ ነበርኩ” አሉ ኦቦ ቶለሳ።

“ክዳኑን ማን ከፈተው?”

“እኔ። ልጅቷ ክፈቱ ብላኝ። ማታ ስዘጋው እጄ ዝሎ ነበር፤ ሳይገጥም ቀርቶ ይሆናል።”

“‘ካገኘሁት አልምረውም’ ትል የነበረው ማነው?” አለ ጋሽ ብርሃኑ። እስከዚያ ቀን አንቱ ነበር የሚላቸው።

“ብያለሁ። ጨዋታ ነው። ሁሉም ያውቃል።” ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ፤ ማንም “አዎ ጨዋታ ነው” አላለላቸውም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

“ገደልከው ወይስ ሸጥከው? አንዱን ንገረኝ።”

“ዋቃዮ ይመስክርብኝ፣ አልነካሁትም። አሸዋው ውስጥ ነው። ትናንት ውሃው ሲቀዘቅዝ ዓይኔ እያየ ሰመጠ። ብርዱን ሸሽቶ ነው የገባው። ይፈለግ።”

ጋሽ ብርሃኑ ወደ እኔ ዞረ። “ሕይወት፣ አሸዋው ውስጥ አለ?”

እዚህ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ። አንድ ቃል፤ “አልፈተሽኩም” የምትል። ኦቦ ቶለሳ እያዩኝ ነው። በተስፋ ነው የሚያዩኝ፤ ዶክተራቸው ነኛ።

“የለም፤ በእጄ ፈትሻለሁ” አልኩ።

ዓይናቸውን ከፊቴ አወረዱና ክንዴ ላይ አሳረፉት። እዚያው ላይ ትንሽ ቆዩ። ከዚያ በቀስታ፣ ለጋሽ ብርሃኑ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ “እሺ። ልጅቷ የለም ካለች የለም” አሉ።

ከሰዓት በፊት ውጣ ተባሉ። ጋቢያቸውን፣ ራዲዮናቸውን፣ የሚቀመጡባትን ዱካና ዱላቸውን ይዘው ከዘበኛ ቤቱ ወጡ። ከዘበኛ ቤቱ እስከ ዋናው በር ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። እሳቸው ግን በጣም ቀስ ብለው ነው የሄዱት። አበባው ጋ ቆመው ጋቢያቸውን ፈትተው እንደገና አሠሩት። ትንሽ ሄደው ዱካውን አስቀምጠው አረፉ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው ግቢውን አዩት። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ለዚያ ነው ብዬ ከሳሎኑ መስታወት ኋላ ሆኜ አየኋቸው።

ማታ ቤት ስገባ እናቴ፣ “ኦቦ ቶለሳ ደህና ናቸው?” አለችኝ። “ደህና ናቸው” አልኩ። ያን ቀን መዋሸት እንዴት ቀሎኝ እንደዋለ ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል።

ማክሰኞ ሥራ ስገባ ከሰው ዓይን እየሸሸሁ ገንዳው ጋ ተቀመጥኩ። ማሞቂያው ከመብራቱ መምጣት ጀምሮ ሲሠራ ሰንብቷል፤ ውሃው ወደ ሙቀቱ ተመልሷል። ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ እንጨቴ ካልደረሰበት ከትልቁ ድንጋይ አጠገብ፣ አሸዋው ትንሽ ተነፋ። ጥቂት ቅንጣት ተንሸራተተ። ከዚያ ያ ነጠብጣባም ጭንቅላት ብቅ አለ፤ ሁለቱ ትናንሽ ዓይኖች መጡ። ምንም እንዳልተፈጠረ አፉን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጋል።

ሳቅኩ። ቀጥሎ አለቀስኩ። ቀጥሎ ለጋሽ ብርሃኑ ደወልኩ።

“ተገኘ፣ ጋሽ ብርሃኑ። ድንጋዩ ሥር ነው የወጣው።”

“በሕይወት?”

“በሕይወት።”

“ተመስገን! ለነገ ደረሰልን በይኛ።”

“ኦቦ ቶለሳስ?”

“እሱማ ደክሞት ነበር እኮ። ምክንያት አጥቼ ነው እንጂ ካሰብኩበት ቆይቻለሁ። አዲሱ ዘበኛ ጀምሯል። አንቺም እባቡ የት እንደነበር ምናምን እያልሽ ነገር አታብዢ፤ ተገኘ፣ አለቀ።”

ስልኩ ሲዘጋ የተሰማኝን ልደብቃችሁ አልችልም። ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ውሸቴ ተሸፍኖ ሊቀር ነው። ማንም ሳያውቅ፣ ሥራዬም ሳይነካ። ያቺን ደስታ ባስታወስኳት ቁጥር ራሴን እጸየፋለሁ። ገንዳው ውስጥ ያለው ፍጡር ግን ፊት ለፊቴ ሆኖ ያየኛል። ሰው ሁሉ የፈረደበት እሱ አንድም ሰው አልነከሰም። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። በባጃጅ እስከ ወፍጮ ቤቱ፣ ከዚያ በእግር። ስኳርና ቡና ገዝቼ ይዣለሁ፤ ሰው ጥፋቱ ሲከብደው እጁን ባዶ ማድረግ ያቅተዋል። አዴ ወርቄ በራፉ ላይ ቆመው አዩኝ። ስሜን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

“የአይቧ ልጅ ነሽ?” አሉኝ። “እግዜር ይይልሽ አልልሽም። ግቢ።”

ኦቦ ቶለሳ ከላማቸው አጠገብ ዱካው ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ለመነሳት ሞከሩ፤ እኔ ፊት ሊነሱ!

“አካም፣ ዶክተሬ። እናትሽ እንዴት አደረች?”

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። “ተገኘ ኦቦ ቶለሳ። አሸዋው ውስጥ ነበር። እርስዎ እንዳሉት።”

“አውቃለሁ” አሉ።

“የእድሩ ሰዎች ደግሞ አያውቁም!” አሉ አዴ ወርቄ ከኋላዬ። “ትናንት ከሰዓት ጀምሮ ባጃጁም፣ ወፍጮ ቤቱም፣ ‘ቶለሳ የጌታውን እባብ ሸጠ’ ነው የሚለው። በዚህ ዕድሜው! ይህ ሰው እኮ ወድቆ ያገኘውን የሰው ዕቃ ባለቤቱን ፈልጎ የሚመልስ ሰው ነው።”

“ዲሲ፣ ወርቄ” አሏቸው፤ ተይ ማለታቸው ነው።

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። “በእጄ ፈትሻለሁ ያልኩት ውሸት ነው። እጄን አልከተትኩም። እባብ ስለምፈራ ነው። ይቅር ይበሉኝ።”

ኦቦ ቶለሳ የላሟን ጀርባ እየዳበሱ ቆዩ። “እሱንም አውቃለሁ” አሉ።

“እንዴት?”

“አበባ እያጠጣሁ ነበር። እጅጌሽን ፈትተሽ መልሰሽ ስትቆልፊ አይቻለሁ። በሩ ላይ ስንቆምም እጅጌሽን አየሁት። ያ ገንዳ ጥልቅ ነው፤ እኔ ቀኑን ሙሉ ስቀዳ እስከ ብብቴ ርሼ ነው የዋልኩት። አንቺ በእጄ ፈተሽኩ ስትዪ እጅጌሽ ደረቅ ነበር። ነጭ ልብስ ደግሞ ውሃ አይደብቅም።”

“ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ‘እጅጌዋን እዩት’ ቢሉ በቃ ነበር እኮ!”

“ብናገር አንቺን ነበር የሚያባርርሽ። እኔ ይህች ላም አለችኝ፤ ወርቄ አለችኝ። የእናትሽን መድኃኒት ማን ይገዛል?”

ምን ይባላል? እጃቸውን ከላሟ ጀርባ ላይ አነሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ሻከረ።

“ግን ራስሽ ትናገሪያለሽ ብዬ ነበር። ሰው ፊት ባትችይ እንኳ ከኋላዬ ትጠሪኛለሽ ብዬ ነበር። እስከ በሩ ድረስ ቀስ ብዬ የሄድኩት ለዚያ ነው።”

አንባቢዎቼ፣ በሕይወቴ ተሰድቤ አውቃለሁ፤ ተመትቼም አውቃለሁ። እንደዚያች ዓረፍተ ነገር ግን ያመመኝ ነገር የለም። ጋቢያቸውን የፈቱት፣ ዱካው ላይ ያረፉት፣ በሩ ላይ የዞሩት ሁሉ ለእኔ ጊዜ ሲሰጡኝ ነበር። እኔ ግን መስታወት ኋላ ቆሜ ስለ ጉልበታቸው አስብ ነበር።

ስኳሩንና ቡናውን አልተቀበሉኝም። “ለእናትሽ ውሰጂላት” አሉኝ።

ረቡዕ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ገንዳው ጋ ቆምኩ። ክዳኑን ከፈትኩ። እጅጌዬን አልሰበሰብኩም፤ እንደተቆለፈ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ጥርሴን ነክሼ፣ ጣቶቼን አሸዋው ውስጥ ሰደድኩና ድንጋዩ ሥር ደረስኩ። ነካሁት። ለስላሳ ነው። ለብ ያለ ነው፤ ከውሃው እኩል። ከእኔ ይልቅ እሱ ደነገጠ መሰለኝ፣ በጣቶቼ መሃል ተንሸራቶ ወደ ጥልቁ ሸሸ። ቢፈጅ ግማሽ ደቂቃ ነው። ለዚች ግማሽ ደቂቃ ነው ሰው ያስባረርኩት ብዬ እዚያው ቆሜ አነባሁ።

ጋሽ ብርሃኑ እንግዶቹን ሊቀበል አጊጦ በሩ ላይ ቆሟል፤ ሠራተኞቹም ተሰልፈዋል። ውሃ እያንጠባጠብኩ መጣሁና መሃላቸው ቆምኩ። የባጃጆቹ ሾፌሮች እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

“ሰኞ ዕለት እዚህ ቆሜ አሸዋውን በእጄ ፈትሻለሁ ብያለሁ። ዋሽቻለሁ። እጄን አልከተትኩም፤ ፈርቼ ነው። ኢሉ አሸዋው ውስጥ ነበር፣ አሁንም አለ። ኦቦ ቶለሳ አልገደሉትም፣ አልሸጡትም። እሑድ ቀኑን ሙሉ ቆመው በጆግ ውሃ ባያፈስሱ ኖሮ ዛሬ የምታሳዩት አንድ ዓሣ አይኖርም ነበር። ሌባ ብለን ያስወጣናቸው ዓሦቹን ያተረፉልንን ሰው ነው።”

ወጥ ቤቷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ጋሽ ብርሃኑ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝ፤ “ዛሬ ነው ይህ የሚወራው? ዕቃሽን ሰብስቢና ከዓይኔ ጥፊ” አለኝ። የሰበሰብኩት ዕቃ አንድ ቦርሳና መቆንጠጫዬን ነው። ከሳሎኑ እስከ በሩ በፍጥነት ነው የሄድኩት። እኔን የሚጠራ ሰው አልጠበቅኩም።

ነገሩ እንደ ተረት አላለቀም። ጋሽ ብርሃኑ ኦቦ ቶለሳን አልጠራቸውም፤ ቢጠራቸውም የሚመለሱ አይመስለኝም። እኔ ሰባት ወር ሥራ ፈታሁ። የእናቴ መድኃኒት የተቋረጠበት ሳምንት ነበር፤ በኋላ እግሯን ስታጣ፣ ያ ሳምንት ነው እያልኩ ዛሬም ከራሴ ጋር እከራከራለሁ። ኦቦ ቶለሳ ዝም ሲሉ ሊያድኑልኝ የሞከሩት ይህንኑ ነበር። እኔ ግን እውነቱን በሰዓቱ ሳልናገር፣ ዘግይቼ ተናግሬ፣ እሳቸውንም እናቴንም ጎዳሁ። ሰኞ ዕለት በሩ ላይ ብናገር ኖሮ ምናልባት የምወቀሰው እኔ ብቻ ነበርኩ።

የእድሩን ሰዎች በየቤታቸው እየዞርኩ ነገርኳቸው። አንዳንዱ “እንግዲህ ያልፋል” አለኝ፤ አንዳንዱ ሳቀ። የባጃጁ ልጅ ደግሞ፣ “እባብ አልሸጡም? እንዴ፣ እኔ እኮ በስንት ሸጡት እያልኩ ሳስብ ነበር” አለኝ። ስም እንደ ልብስ ታጥቦ የሚነጣ መስሎኝ ነበር። ኦቦ ቶለሳ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲያልፉ ዛሬም ከኋላቸው የሚያፏጭ አይጠፋም።

አሁን ተመልሼ ሰበታ ነኝ፤ ኩሬ ላይ። ለልምምድ የሚመጡ ተማሪዎች “መረቡን አይተነዋል፣ ደህና ነው” ሲሉኝ መጀመሪያ የማየው ፊታቸውን አይደለም። እናንተም “ፈልጌ አጣሁ”፣ “ጠይቄ ነበር”፣ “አጣርቻለሁ” ልትሉ ስትሉ፣ ከዚያች ቃል ማዶ አንድ ሰው ዱካውን ተሸክሞ ቀስ እያለ ወደ በሩ እየሄደ እንደሆነ አስቡ። ጥሩት። ሃያ እርምጃ በጣም አጭር ነው።

ኦቦ ቶለሳን በየበዓሉ እጠይቃቸዋለሁ። አዴ ወርቄም አሁን አይብ ያስይዙኛል። በገባሁ ቁጥር ኦቦ ቶለሳ ሰላምታዬን ከመቀበላቸው በፊት እጅጌዬን በሁለት ጣታቸው ይዘው ያሹታል፤ ረጥቦ እንደሆነ ሊያዩ። ከዚያ ጥርስ በሌለው አፋቸው ከልባቸው ይስቃሉ። እኔ እስከ ዛሬ አብሬያቸው መሳቅ አልቻልኩም።